ሰኞ ሄዶ ዓርብ መመለስ፦ የባሕር ዳር ሳምንታዊ በረራ ሠራተኛውን ምን ያስከፍለዋል?

ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በአየር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገር ውስጥ መስመር የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ይህን መንገድ በአንድ ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል፤ ከቦሌ ተነስቶ፣ የአባይን ሸለቆ ተሻግሮ፣ በጮቄ ተራሮች ላይ አልፎ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ይወርዳል። በዓመት አንዴ ለሠርግ ወይም ጣናን ለማየት ለሚሄድ ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። በየሳምንቱ ሰኞ ሄዶ ዓርብ ለሚመለስ ሠራተኛ ግን ያው መንገድ ዕድሜ ይበላል።

እንዲህ የሚኖረው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ቤታቸው አዲስ አበባ ሆኖ ባሕር ዳር የሚያስተምሩ መምህራን፣ ስፔሻሊስት ሐኪሞች፣ ግንባታ የሚቆጣጠሩ አማካሪ መሐንዲሶች፣ የባንክ ኦዲተሮች፣ የፕሮጀክት ሠራተኞች አሉ። ልጆቻቸውን ባሕር ዳር አስቀምጠው ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ የሆነባቸውም አሉ። ምሬታቸው ይመሳሰላል። አየር ላይ ስለሚያሳልፉት አንድ ሰዓት ብዙም አያወሩም፤ የሚያወሩት ከዚያ በፊትና በኋላ ስለሚያልቀው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከድካም አልፎ ጭንቀት ያደረገው ደግሞ አውሮፕላኑ ሲቀር የሚያዝ ሌላ መንገድ መጥፋቱ ነው።

ሰዓቱ ሲቆጠር

እስቲ አንድ ሰኞ እንቁጠር። መነሻው ከጠዋቱ 1:00 ሰዓት ነው እንበል። ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ይመከራልና ቦሌ መድረሻው ከሌሊቱ 11:00 ነው። ከአያት ወይም ከጀሞ ሰፈር የሚመጣ ሰው፣ መንገዱ በዚያ ሰዓት ጭር ያለ ቢሆንም፣ ራይድ ወይም ፈረስ የተባለውን የስልክ ታክሲ ጠርቶ መኪናው እስኪመጣና እስኪያደርሰው 45 ደቂቃ መያዝ አለበት። ስለዚህ ከቤት የሚወጣው 10:15 ላይ ነው፤ ከአልጋ የሚነሳው 9:30። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ከተነሳ 2:00 ላይ ያርፋል። ሻንጣ ለመጠበቅ 20 ደቂቃ፣ ከአየር ማረፊያው ወጥቶ መሃል ከተማ ለመድረስ ሌላ 25 ደቂቃ ይጨመር። ቢሮ ሲገባ 2:45 ሆኗል፤ ከቤቱ ደጃፍ ከወጣ አራት ሰዓት ተኩል።

ዓርብ ሲመለስ ቦሌ የሚያርፈው መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት ስለሆነ አምስት ሰዓት ይያዝለት። በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ዓመቱን በ44 የሥራ ሳምንት ብናሰላው 418 ሰዓት ይሆናል፤ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሲካፈል 52 ቀን። ከዚህ ውስጥ አየር ላይ የሚያልፈው 88 ሰዓት ብቻ ነው፤ አምስት እጅ ቢሆን አንዱ እጅ። ይህ ሁሉ ስሌት አንድም ነገር ሳይዘገይ፣ አንድም በረራ ሳይሰረዝ ነው።

ልምድ ያለው ተመላላሽ ያን የሁለት ሰዓት ትርፍ ወደ አንድ ሰዓት ለማውረድ ይፈተናል። ብዙ ቀን ይሳካለታል። የማይሳካለት ሰኞ ጠዋት ነው፤ የጎንደሩ፣ የመቀሌው፣ የጅማው፣ የድሬዳዋው ተሳፋሪ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይመጣና ጫማና ቀበቶ የሚወልቅበት የመጀመሪያው ፍተሻ ላይ ይሰለፋል። ሰልፉ በበረራ አይለይም። 1:00 ሰዓት የሚበር ሰው 3:00 ሰዓት ከሚበር ሰው ኋላ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሰዓት ማሳጠር የፈለገ ረቡዕን ያሳጥር፤ ሰኞን አይንካ።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓትና ስም

ትንሽ የሚመስል፣ ግን የስንቱን ሰው በረራ ያስቀረ ነገር አለ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ቀኑ ደግሞ በፈረንጅ ነው። እኛ የምንኖረው በራሳችን ሰዓትና ቀን ነው። 07:00 የሚለውን «ሰባት ሰዓት» ብሎ አንብቦ ከቀትር በኋላ ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣ ሰው ዛሬም አለ። ቁጥሩ ከ7 በታች ከሆነ 6 ይደመርበታል፤ 05:30 ከሌሊቱ 11:30 ነው፣ 06:40 ከንጋቱ 12:40። ከ7 እስከ 18 ያለው 6 ይቀነስለታል፤ 13:20 ከቀኑ 7:20 ነው። 19ና ከዚያ በላይ ከሆነ 18 ይቀነሳል፤ 19:15 ከምሽቱ 1:15 ነው። ይህን ያወቀ ሰው በእንቅልፍ ልቡም አይሳሳትም።

የቀኑ ስህተት የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ልዩነቱ ከወር ወር ይለያያል። በተራ ዓመት መስከረም 1 የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ የ10 ቀን ልዩነት። ጥር ላይ 8 ይሆናል፣ ጥምቀት ጥር 11 ሆኖ ጃንዋሪ 19 የሚውለው ለዚህ ነው። ነሐሴ ላይ 6 ብቻ ነው። በየሳምንቱ የሚበር ሰው አራት አምስት ትኬት በአንዴ ሲቆርጥ አንዱን በአገራችን ቀን አስቦ ሊሳሳት ይችላል። ቁጥሩን ትቶ የዕለቱን ስም ማመሳከር ነው የሚያዋጣው፤ ሰኞ ሰኞ ካለ ትክክል ነው።

ስሙንም ማየት ያስፈልጋል። የቲኬት ሥርዓቱ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ ያውም አንዱን ስም በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት አድርገን እንጽፈዋለን። «ፀሐይ»ን በቲ ብቻ የሚጽፍ አለ፣ ቲና ኤስ አጣምሮ የሚጽፍም አለ። መፍትሔው አንዴ በፋይዳ መታወቂያ ወይም በፓስፖርት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጽፎ በስልክ መተግበሪያው ላይ ማስቀመጥና ሁልጊዜ ያንኑ መጠቀም ነው። ቢሮ ትኬት የሚቆርጥለት ሰው በየሳምንቱ የተላከለትን ወረቀት እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የተሳፋሪ መመዝገቢያው ፊት ቆሞ ስም ማስተካከል ከባድ ነው።

ለምን ይዘገያል?

«ዲሌይ ሆነ» ሲባል አብዛኛው ሰው የአየር ጠባይ ወይም ብልሽት ያስባል። በአገር ውስጥ መስመር ግን የብዙው መዘግየት ሥር የአውሮፕላኑ ምልልስ ነው። አውሮፕላኖቹ በአብዛኛው የሚያድሩት ቦሌ ነው። ጠዋት ወጥቶ አንዱ አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ ከከተማ ከተማ ይመላለሳል፤ በየማረፊያው የሚቆመው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ሰው ይወርዳል፣ ሻንጣ ይራገፋል፣ ወንበር ይጸዳል፣ ሌላ ሰው ይሳፈራል። ማካካሻ የሚሆን ትርፍ ጊዜ የለም። ጠዋት በ20 ደቂቃ የዘገየ አውሮፕላን በየምልልሱ 15 ደቂቃ ቢጨመርበት በአምስተኛው በረራ ላይ 80 ደቂቃ ዘግይቶ ይገኛል። አምስተኛው በረራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዓርብ ማታው ነው። ቀኑ በጣም ከተራዘመ አብራሪዎቹ በሕግ የተፈቀደላቸውን የሥራ ሰዓት ይጨርሳሉ፤ ያን ጊዜ መዘግየቱ ወደ መሰረዝ ይለወጣል።

ከዚህ ተነስቶ ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ሲነሱ የቀኑን የመጀመሪያ በረራ መያዝ፤ አዳሪ አውሮፕላን ስለሆነ የማንም መዘግየት አልወረሰም። ከባሕር ዳር ሲመለሱ ደግሞ የመጨረሻውን በረራ መሸሽ፤ የመጨረሻው ከተሰረዘ ቀጣዩ ነገ ነውና። ከባሕር ዳር የሚነሳው አውሮፕላን ከቦሌ የመጣው ራሱ መሆኑን ማወቅም ይጠቅማል። አየር ማረፊያ አዳራሽ ውስጥ «ትንሽ ታገሱ» ሲባል፣ በስልክ ፍላይትሬዳር የተባለውን የአውሮፕላን መከታተያ ከፍቶ አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቷል ወይ ብሎ ማየት ይቻላል። ገና ካልተነሳ፣ አንድ ሰዓት ለመንገዱ፣ ግማሽ ሰዓት ለማራገፍና ለማሳፈር፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀራል። ማንም ባይነግራችሁ ይህን ያህል ታውቃላችሁ፤ ምሳ ለመብላት ወይም ለቤት ለመደወል ይበቃል።

ክረምት የራሱ ነገር አለው። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ቦሌ ላይ ጭጋግና ዝቅ ያለ ደመና ሲተኛ የመጀመሪያው በረራ ይዘገያል፣ ከላይ እንዳልነውም መዘግየቱ ቀኑን ሙሉ ይከተላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የነጎድጓድ ደመና ይመጣል። ዳሽ 8 የሚበርበት ከፍታ ጣሪያው 7,600 ሜትር ገደማ ነው፤ የነጎድጓድ ደመና ከ12,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በላዩ ማለፍ አይችልም፣ በመሃሉ አይገባም፣ ስለዚህ ይዞራል ወይም መሬት ላይ ይጠብቃል። ቀጥታ መስመሩ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጮቄ ላይ ስለሚያልፍ በክረምት መናወጡ ይበረታል። ወፎችም አሉ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሳ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት በግድ ሲያርፍ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ባሕር ዳር ላይ አብራሪ ወፍ አይቶ ሲጠብቅ የሚያጉረመርም ተሳፋሪ ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ሻንጣው ለምን ቀረ?

ተሳፋሪው ደርሶ ሻንጣው የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ተመላላሹን ከሚያበሳጩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው ክብደት ነው። ዳሽ 8 ከ70 በላይ መቀመጫ አለው፤ ሞልቶ፣ ነዳጅ ይዞ፣ ሻንጣ ጭኖ የሚነሳበት ከፍተኛ ክብደት 29 ቶን ገደማ ነው። አየሩ ሲከፋ አብራሪው ባሕር ዳር ማረፍ ባይችል ወደ ሌላ ማረፊያ የሚሄድበትን ተጨማሪ ነዳጅ መያዝ ግዴታው ነው። ቦሌ ደግሞ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም በቆላ የሚሰጠውን ጉልበት አይሰጥም። ነዳጅ ከተጨመረ አንድ ነገር መቀነስ አለበት። ሰው አይቀነስም፤ ሻንጣ ይቀነሳል፣ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል።

ስለዚህ ሳምንታዊ ተጓዥ ሻንጣ ከነጭራሹ አያስጭን። በእጅ የሚፈቀደው 7 ኪሎ ነው። ባዶው ቦርሳ አንድ ኪሎ ተኩል ቢመዝን፣ ላፕቶፕና ቻርጀር ሁለት ተኩል ቢወስዱ፣ ለልብስ የሚቀረው ሦስት ኪሎ ነው። ሦስት ኪሎ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ የውስጥ ልብስና ቀላል ሹራብ ይይዛል። ሌላው ልብስ፣ ሁለተኛ ጫማ፣ ፎጣ፣ የመታጠቢያ ዕቃ ባሕር ዳር ይቀመጥ። ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ይህ አይከብደውም፤ ሆቴል የሚያርፍ ሰው ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ሆቴል ከያዘ አንድ ካርቶን እንዲያስቀምጡለት መጠየቅ ይችላል። መድኃኒት፣ ሰነድና የቤት ቁልፍ በምንም ምክንያት ከእጅ አይለዩ።

የመመለሻው ሻንጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ባዶ እጅ መግባት አይሆንማ። ማርና ቅቤ የሚፈስበት ምክንያት አያያዝ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ባሕር ዳር ላይ አየር ይዞ የታሸገ ዕቃ አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭው የአየር ግፊት በስድስት በመቶ ገደማ ቀንሶ ይጠብቀዋል፤ ውስጡ ያለው አየር ይገፋል፣ ክዳኑ ያብጣል፣ በጠርዙ በኩል ማሩ ይወጣል። ዕቃው በብርቱ የሚጠብቅ ባለ ጥርስ ክዳን ይኑረው፤ አፉ ድረስ አይሞላ፤ ከመዘጋቱ በፊት ላስቲክ ይደረግበት፤ ክዳኑ በፕላስተር ይዞርበት፤ ከዚያ በሁለት ፌስታል ይታሰር። ቅቤ ከሆነ ማታውኑ ቀዝቅዞ ይርጋ፤ ቀን በሙቀት የላላ ቅቤ በምንም ክዳን አይያዝም። የጣና አሣ ለቤት የሚወስድ ደግሞ በረዶ ሳይሆን ጠንክሮ የቀዘቀዘ ፊሌቶ ይግዛ፤ በረዶው ቀልጦ የሌላ ሰው ሻንጣ ያበላሻል።

ዓርብ ማታ ሲሰረዝ

የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው እዚህ ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል የመኪና መንገዱ 565 ኪሎ ሜትር ነው። ድሮ ንጋት ላይ የተነሳ አውቶቡስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያደርስ ነበር። በረራ የቀረበት ሰው ተበሳጭቶ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ይገባ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፣ የአባይ በረሃ ቁልቁለትና አቀበት ያደክማል፣ ግን ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀና በአማራ ክልል ግጭቱ ከበረታ ወዲህ በዚያ መንገድ መጓዝ አንዴ በመዘጋት፣ አንዴ በእገታ ስጋት፣ ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ሆኗል። ነሐሴ 2015 ላይ በረራውም ለቀናት ተቋርጦ ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ በክልሉ ለወራት ተዘግቶ ስለነበር ትኬት በስልክ መቁረጥና መክፈል አልተቻለም።

አማራጭ መንገድ ያለው ተሳፋሪ በረራ ሲሰረዝ አንድ ቀን ያጣል። አማራጭ የሌለው ተሳፋሪ ግን ከ70 ሰው ጋር ለጥቂት ወንበር ይሻማል። የሚቀጥሉት በረራዎች በአማካይ ስምንት ስምንት ባዶ ወንበር ቢኖራቸው፣ የተሰረዘበትን ሰው ሁሉ ለማድረስ ዘጠኝ በረራ ያስፈልጋል። የሰኞው ቀጠሮ የሚበላሸው፣ የቅዳሜው የልጅ ልደት የሚያልፈው በዚህ ሒሳብ ነው። የዓርቡ በረራ ወደ ቅዳሜ ተዛውሮ ከቀኑ 9:00 ላይ ቤቱ የገባ ሰው፣ ሰኞ ሌሊት 10:15 ላይ እንደገና ሊወጣ የቀረው 37 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አለ። የትዳር ጓደኛና ልጆች የሚያገኙት የተረፈውን ነው። ስለ ደመወዝና ስለ አበል ብዙ ይወራል፤ ስለዚህ ግን አይወራም፣ ሊወራ ይገባዋል።

መሰረዙ በተነገረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚደረገው ነገር ብዙ ይለውጣል። ሰልፍ ላይ መቆም አለ፤ ሰልፉ ላይ ሆኖ ጥሪ ማዕከል መደወልም አለ፤ አዲስ አበባ ያለ የቤተሰብ አባል በዚያው ሰዓት መተግበሪያውን ከፍቶ ባዶ ወንበር ቢፈልግ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ለዚህ ስድስት ፊደላት ያሉት የቦታ መያዣ ኮድ ቤት ባለ ሰው ስልክ ላይ አስቀድሞ መኖር አለበት። አየር መንገዱ ራሱ የሰረዘው በረራ ያለ ቅጣት ይዛወራል፤ ተሳፋሪው ያረፈደበት ግን ቅጣትና የዋጋ ልዩነት ያስከፍላል። መሰረዙን የሚገልጽ መልእክት ከስልክ አይጥፋ፤ ሰኞ ለአለቃ የሚቀርበው ማስረጃ እሱ ነው።

ትኬቱና ገንዘቡ

አንድ አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ዋጋ ሊከፍሉ ይችላሉ። ወንበሮቹ በዋጋ እርከን ተከፋፍለው ይሸጣሉ፤ ርካሾቹ ቀድመው ያልቃሉ። ሰኞና ዓርብ ደግሞ ሁሉም የሚፈልጋቸው ቀናት ናቸው። መርሐ ግብሩ የታወቀ ሰው የወሩን አራት የሰኞ ትኬት በአንዴ ቢቆርጥ ይጠቀማል። የዓርቡን ግን ለየብቻ፣ መቀየር በሚያስችል ዋጋ ይያዝ፤ ሥራ የሚረዝመውም የሚያጥረውም ዓርብ ላይ ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ትኬት መቁረጥ ለዚህ ሰው አደጋ አለው፤ የመሄጃውን በረራ ካመለጠ ሥርዓቱ የመመለሻውንም ወንበር አብሮ ሊሰርዘው ይችላል። ሁለት የአንድ መንገድ ትኬት ከዚህ ያድናል።

ሲከፈል የሚያጋጥመው ችግር ደግሞ ይሄ ነው። ቦታ ተይዞ ኮድ ይሰጣል፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፈላል፣ መሃል ላይ ኔትወርክ ይቆረጣል። ብሩ ከሒሳብ ወጥቷል፣ ትኬቱ ግን አልታተመም። ስድስት ፊደል ያለው ኮድ ቦታ መያዙን እንጂ ትኬት መኖሩን አያሳይም። እውነተኛው ትኬት 13 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ያ ቁጥር ካልመጣ ትኬት የለም፤ የክፍያውን ደረሰኝ ይዞ በዚያው ቀን መጠየቅ ነው እንጂ እስከ ሰኞ ሌሊት መጠበቅ አያዋጣም።

ዋጋው ለምን ይወደዳል ለሚለው፣ የአውሮፕላን ነዳጅም መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሬ ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲቀየር 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዙ በብር የሆነ ሰው ከኪሱ እየከፈለ በየሳምንቱ መብረር የማይችልበት ዘመን የመጣው እንዲህ ነው። አሁን በየሳምንቱ የሚበረው በአብዛኛው መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ነው።

ትኩሳት ሲመጣ

ባሕር ዳር ወባ አለባት፤ አዲስ አበባ የለባትም። ይህን ልዩነት ተመላላሹ ይረሳዋል። በወባ ትንኝ የተነከሰ ሰው ሕመሙ የሚጀምረው ያን ቀን ሳይሆን ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ ሰውየው አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት ሲይዘው «ድካም ነው፣ ጉንፋን ነው» ብሎ ሁለት ቀን ይተኛል። ክሊኒክ ቢሄድም ሐኪሙ የወባ ምርመራ ላያስብ ይችላል፣ የአዲስ አበባ ሰው ነው ብሎ። የመጀመሪያው የሚነገር ነገር «በየሳምንቱ ባሕር ዳር አድራለሁ» የሚለው ይሁን፤ የደም ምርመራው በዚያው ቀን ይደረግ። በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ አጎበር የሌለው ክፍል ውስጥ ማደር አይገባም። ሆቴል ሲያዝ ስለ ዋይፋይ ከመጠየቅ በፊት ስለ አጎበር መጠየቅ ይሻላል።

ጆሮም ያስቸግራል፣ ያውም ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ስለዚህ ከቦሌ ሲነሱ ብዙም አይሰማም። ወደ ጣና ሲወርዱ ግን ግፊቱ ይጨምራል። ማስቲካ ማኘክ፣ ደጋግሞ መዋጥ፣ ማዛጋት ይረዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት በፊት አፍንጫውን ቢያጸዳ ጥሩ ነው፤ በጣም ከታፈነ ደግሞ በረራውን ቢያዛውር ይሻለዋል።

መሥሪያ ቤቱ ምን ያድርግ?

ተሳፋሪው ብቻውን የሚያስተካክለው ነገር ገደብ አለው። በኛ እምነት ትልቁ ለውጥ ያለው በአሠሪው እጅ ነው፤ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። በየሳምንቱ አምስት ቀን ከመላክ ይልቅ በሁለት ሳምንት አንዴ ለስምንት ወይም ለዘጠኝ የሥራ ቀን ልኮ፣ የቀሩትን ቀናት ከቤት እንዲሠራ መፍቀድ ይቻላል። 44 ደርሶ መልስ ወደ 22 ይወርዳል፣ 418ቱ ሰዓት ወደ 209። የትኬት ወጪውም በግማሽ ይቀንሳል። ለሐኪምና ለግንባታ ተቆጣጣሪ ይህ ላይመች ይችላል፤ ለኦዲተር፣ ለዕቅድ ባለሙያ፣ ለሪፖርት ጸሐፊ ግን ይመቻል። መምህርም ቢሆን ክፍለ ጊዜዎቹ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ቢሰበሰቡለት ከሰኞና ዓርብ ግፊያ ይወጣል።

በውል ላይ መጻፍ ያለበትም ነገር አለ። በረራ ሲሰረዝ ያ ቀን ከዓመት ፈቃድ ይቆረጣል ወይስ የሥራ ቀን ነው? ተጨማሪውን የሆቴል ሌሊት ማን ይከፍላል? በብዙ ቦታ ይህ የሚወሰነው በአለቃው ጠባይ ነው። በአንድ አንቀጽ ሊያልቅ የሚችል ነገር ነው።

አየር መንገዱም ቢሆን ለእነዚህ ደንበኞች ሊያደርገው የሚችለው አለ። የአሥር ጉዞ ጥቅል ትኬት፣ ቀኑ በነጻ የሚቀየር። ሻንጣ ለማያስጭን ሰው የተለየ ሰልፍ። የመዘግየት መልእክት በአማርኛ፣ በአገራችን ሰዓት፣ ከእውነተኛው ምክንያት ጋር፦ «አውሮፕላኑ ገና ከጎንደር አልተነሳም» የሚል አንድ መስመር አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ያሳርፋል።

እስከዚያው ድረስ ከነገ ጀምሮ መቀየር የሚቻል አንድ ነገር አለ፤ የሰኞ ጠዋት ስብሰባ። ሌሊት 9:30 የተነሳ ሰው 3:00 ሰዓት ላይ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚሰጠው ሐሳብ ከሰዓት በኋላ ከሚሰጠው ጋር አይተካከልም፤ በረራው ከዘገየ ደግሞ ጭራሽ አይገኝም፣ ስብሰባው ያለሱ ይወስናል። ማክሰኞ 3:00 ሰዓት ቢሆን ሁሉም ይደርሳል።